ሴራ፣ ዱለታና ውሽምነት በእንግሊዝኛ፦ የግቢውን ታሪክ ይዞ ቃላቱን የመለየት መመሪያ

ጎንደር ላይ አስጎብኚ ለመሆን የምትዘጋጁ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ እንግሊዝኛ የምታጠኑ፣ ወይ ያው ፊልም ስታዩ ማን ማንን እንደሸወደ በደንብ ለመለየት የምትፈልጉ ካላችሁ ይሄ ለናንተ ነው። ፋሲል ግቢ ውስጥ የሆነውን ካሰባችሁት ግማሹ ግንባታ ግማሹ ሴራ ነው፣ አባት ሳይሞት ልጅ ይነግሣል፣ ንጉሥ አደን ላይ ይገደላል፣ ንጉሥ በመርዝ ይሞታል፣ እቴጌ ወጣት ወዳጅ ይይዛሉ፣ ይሄን ሁሉ ጉድ ለፈረንጅ ስንነግረው ግን በሁለት ቃል ነው የምንጨርሰው፣ ‹ፕሮብለም› እና ‹ኪል›። «ዜር ዎዝ ኤ ፕሮብለም ኢን ዘ ፋሚሊ፣ ዜን ዜይ ኪልድ ሂም።» በቃ። እንግዳው ፎቶውን ያነሳል፣ ታሪኩ ግን እዛው ቀረ።

መዝገበ ቃላት ደግሞ ብዙም አይረዳም። እንግሊዝኛ አማርኛውን ክፈቱት፣ ፕሎት ሴራ፣ ኮንስፒረሲ ሴራ፣ ኢንትሪግ ሴራ፣ ማኪኔሽን እሱም ሴራ። እኛ ራሳችን እኮ በአማርኛ እንለያለን፣ መዶለት ሌላ፣ መጎንጎን ሌላ፣ ማደም ሌላ፣ ሸር ሌላ። ስለዚ ትርጉሙን በቃል ከመሸምደድ በፊት ሁኔታውን መጠየቅ ይሻላል፣ የኔ ዘዴ ይሄ ነው።

(ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ ለእንግዳ የምትናገሩት በሱ ስለሆነ። የእንግሊዝኛ ቃላቱን እንደሚሰሙት ጽፌያቸዋለሁ፣ ስፔሊንጉ የሚያስቸግር ቃል ጋ ስደርስ እነግራችኋለሁ።)

ደረጃ 1፦ አፍ ከመክፈት በፊት አራት ጥያቄ

ስንት ሰው ነው ያለበት? ወንጀል ነው ወይስ ሸር ብቻ? አንድ የተወሰነ ነገር ለመፈጸም ነው ወይስ ዝም ብሎ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሚዞር የነገር ድር? አራተኛው፣ መኝታ አለበት?

በአንድ ታሪክ እንሞክረው። ታላቁ ኢያሱ ዕቁባቱ ሞታበት ሐዘን ገብቶት ጣና ደሴት ላይ ሲቀመጥ፣ መለኮታዊትና የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ከኢያሱ የወለደችውን ልጇን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡት፣ ከዛ በ1706 የመለኮታዊት ወንድሞች ሄደው ኢያሱን ገደሉት። ስንት ሰው? ብዙ። ወንጀል? አዎ፣ ግድያ። የተወሰነ ግብ? አዎ፣ አሮጌውን ንጉሥ ማጥፋት። መኝታ? እዚህ ጋ የለም። እንግዲህ ይሄ ኮንስፒረሲ ነው፣ ፕሎትም ቢባል ያስኬዳል፣ አፌር ግን አይደለም፣ ስኪም ደግሞ ያንስበታል። አያችሁ፣ አራቱን ስትመልሱ ቃሉ ራሱ ይመጣል።

ደረጃ 2፦ ፕሎት፣ ኮንስፒረሲ፣ ስኪም

ፕሎት ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ አንድ መጥፎ ነገር ለማድረግ በድብቅ የወጣ እቅድ። ብቻህንም ልትጠነስሰው ትችላለህ። የሚያስቸግረው ሌላ ሌላ ትርጉም ስላለው ነው፣ የልቦለድ ታሪክ ፍሰት ፕሎት ነው፣ የቤት መሥሪያ ቦታ ፕሎት ነው፣ ግራፍ ላይ ነጥብ ማስቀመጥም ፕሎት ነው። «ኤ ፕሎት አጌንስት ዘ ኪንግ» ስትሉ ግን ማንም መሬት አይመስለውም፣ አጌንስት ሁሉን ነገር ይፈታዋል። ግስ ሲሆን በኃላፊ ጊዜ ቲ ትደገማለች፣ ፕሎትድ።

አብረውት የሚሄዱትን ሦስት ግሶች ያዙ። እኛ ሴራ እንጠነስሳለን፣ እነሱ ይፈለፍላሉ፣ ሃች ኤ ፕሎት። ሴራው ሲደረስበት አንከቨር፣ ሲከሽፍ ፎይል። «ዘ ፕሎት ዎዝ ፎይልድ» ማለት ‹ፌይልድ› ከማለት በጣም ይሻላል፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ሆን ብሎ እንዳከሸፈው ይናገራል።

እንግሊዛዊ እንግዳ ከያዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጠቁም። እነሱ በየዓመቱ ኖቬምበር 5 እሳት የሚያነዱት በ1605 ፓርላማውን ከነንጉሡ በባሩድ ለማፈንዳት የታቀደ ሴራ ስለከሸፈ ነው፣ ስሙም ገንፓውደር ፕሎት ነው። «ላይክ ዮር ገንፓውደር ፕሎት፣ በት አወርስ ወርክድ» ብትሉት ሰውየው ታሪኩን መቼም አይረሳውም፣ ለቲፑም ሳይጠቅም አይቀርም።

ኮንስፒረሲ ከፕሎት የሚለየው በሰው ብዛትና በክብደት ነው። ብቻህን ኮንስፒረሲ አይቻልም፣ ቢያንስ ሁለት ሰው መስማማት አለበት። ሥሩ ላቲን ነው፣ ‹አብሮ መተንፈስ› ማለት ነው፣ ጆሮ ለጆሮ ገጥመው ሲንሾካሾኩ ይታያችሁ። ሕግ ቤት ደግሞ የራሱ ክስ ነው፣ ወንጀሉ ባይፈጸም እንኳ ለመፈጸም መስማማቱ ብቻ ሊያስጠይቅ ይችላል። ግሱ ኮንስፓየር፣ ሰዎቹ ኮንስፒረተርስ። ፌስቡክ ላይ የምታዩት ኮንስፒረሲ ቲዮሪ ግን ሌላ ነው፣ እሱ ‹ከጀርባ የሆነ ቡድን አለ› የሚል ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው፣ ስለዚ የምታወሩት በታሪክ የተመዘገበ ነገር ከሆነ ቲዮሪ የምትለዋን እንዳትጨምሩ፣ ወሬ ነው ማለታችሁ ይሆናል።

ስኪም ጋ ብዙ ሰው ይደናቀፋል። አሜሪካኖቹ ጋ ስኪም ካላችሁ ማጭበርበር ይሸታል፣ እንግሊዞቹ ጋ ግን ንጹህ ቃል ነው፣ ፕሮግራም ማለት ነው። ኢሪጌሽን ስኪም፣ ሄልዝ ኢንሹራንስ ስኪም፣ ፔንሽን ስኪም የሚሉ ሪፖርቶችን ኤንጂኦ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፣ እዛ ውስጥ ምንም ተንኮል የለም። ግስ ሲሆን ግን ሁለቱም ጋ መጥፎ ነው፣ «ሺ ዎዝ ስኪሚንግ» ካላችሁ ሴትየዋ ተንኮል እየጎነጎነች ነው። ስኪመር ነገር ሠሪ ነው። ሲ ኤች ቢኖረውም የሚነበበው በክ ነው፣ ሽ እንዳትሉ።

ማኪኔሽንስ የሚባል አለ፣ ሁሌም ማለት ይቻላል በብዙ ቁጥር ነው የሚመጣው፣ ውስብስብ የሥልጣን ሽረባ ማለት ነው፣ ለጽሑፍ እንጂ ለወሬ አይሆንም። ካወቃችሁት ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ኢንትሪግ፣ ለብቻው ቁጭ ብላችሁ የምታጠኑት

ከሁሉም ቃላት ለጎንደር የተሠራ የሚመስለኝ ይሄ ነው። ኢንትሪግ አንድ ሴራ አይደለም፣ አየሩ ነው። ማን ከማን ጋር እንደተሻረከ የማይታወቅበት፣ ሁሉም ጆሮ ጠቢ ያለው፣ ዛሬ ወዳጅ የሆነው ነገ የሚከዳበት ሁኔታ። ፓላስ ኢንትሪግ ይሉታል፣ ሁለቱ ቃል ተጣብቀው ነው የሚሄዱት።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ የንጉሡን የኢዮአስን ዘመን ውሰዱ፣ ከ1755 እስከ 1769። ባንድ በኩል አያቱ እቴጌ ምንትዋብ ከቋራ ዘመዶቻቸው ጋር፣ በሌላ በኩል እናቱ ውቢት ከወገኖቿ ጋር፣ ሁለቱም ወገን ሹመት ለራሱ ሲጎትት፣ በመሀል የትግራዩ ስሑል ሚካኤል ሊያስታርቅ ተጠርቶ ጎንደር ይመጣና መጨረሻ ላይ ንጉሡን ራሱን ያስገድለዋል፣ በሱ ቦታ ያነገሠው ሽማግሌው ዮሐንስም እዛው 1769 ዓመት ላይ በመርዝ ሞተ ይባላል። ይሄን ሁሉ በአንድ ፕሎት ልትነግሩት አትችሉም። «ዪርስ ኦፍ ፓላስ ኢንትሪግ» ስትሉ ግን ሁሉም ይገባል። የዘመነ መሳፍንት መጀመሪያም ይሄው 1769 ነው የሚባለው፣ እስከ 1855፣ ቴዎድሮስ እስኪነግሥ ድረስ።

አሁን ጥንቃቄ። ኢንትሪግ ግስ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ተንኮሉ ይጠፋና ‹ጉጉት ቀሰቀሰ› ይሆናል። «አይ አም ኢንትሪግድ» ያለ ቱሪስት ‹ሴራ ተሠራብኝ› እያለ አይደለም፣ ‹ደስ ብሎኛል፣ ቀጥልልኝ› እያለ ነው። ኢንትሪጊንግም እንደዛው፣ አጓጊ። በድሮ እንግሊዝኛ ደግሞ ኢንትሪግ የድብቅ ፍቅርም ማለት ነበር፣ ስለዚ የዱለታውንም የውሽምነቱንም በር የሚከፍት አንድ ቃል ካለ እሱ ነው። ስፔሊንጉ መጨረሻው ጂ ዩ ኢ ነው፣ ዩ እና ኢ አይነበቡም፣ ልክ ሊግ ሲጻፍ እንዳለው።

ደረጃ 4፦ ተባባሪዎቹን መለየት

ኮሉዥን እከክልኝ ልከክልህ ነው። ተፎካካሪ ወይም ተቆጣጣሪ መሆን የሚገባቸው ሰዎች ውስጥ ለውስጥ ተስማምተው ሌላውን ሲጎዱ። ጨረታ ላይ ሦስት ተጫራቾች ዋጋቸውን ቀድመው ከተነጋገሩ ኮሉዥን ነው። ግሱ ኮሉድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዊዝ ጋር። ሬሳ ያለበት ታሪክ ላይ አትጠቀሙበት፣ ቢሮ ቢሮ ይሸታል።

ከናይቭ ደግሞ ይገርማል፣ ሥሩ ‹ዓይን መጨፈን› ነው። ከናይቭ አት ካላችሁ እያወቀ እንዳላየ አለፈ፣ ከናይቭ ዊዝ ካላችሁ አብሮ ዶለተ። አንዷ ፕሪፖዚሽን ሰውየውን ከዝምተኛ ወደ ተባባሪ ታሻግረዋለች። ተክለ ሃይማኖት የአባቱን መገደል ዓይኑን ጨፍኖ አሳለፈው ወይስ እጁ ነበረበት? ከሁለቱ አንዱን ስትመርጡ ፍርድ እየሰጣችሁ ነው ማለት ነው፣ ሕዝቡማ ፈርዶበታል፣ ርጉም ተክለ ሃይማኖት ብሎ። እሱም አባቱ ከተገደለ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1708 ለአባቱ ታማኝ በነበሩ ሰዎች አደን ላይ ተገደለ። ቀጥሎ የነገሠው የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ደግሞ መለኮታዊትን ጨምሮ ገዳዮቹን በሞት ቀጣ። ይሄ ቅብብል በእንግሊዝኛ ሪቬንጅ ነው፣ ሴራ ውስጥ አትክተቱት።

ከባል፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ፣ ጥቂት ሆነው በምስጢር የሚዶልቱ ሰዎች ቡድን ነው፣ ቡድኑ ነው እንጂ ድርጊቱ አይደለም። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ጋ ከነበሩ አምስት ሚኒስትሮች ስም፣ ክሊፈርድ፣ አርሊንግተን፣ በኪንግሃም፣ አሽሊ፣ ሎደርዴል፣ ከመጀመሪያ ፊደላቸው ተገጣጥሞ የመጣ ነው የሚል ወሬ ትሰማላችሁ፣ ገጥሟል እንጂ ከዛ አልመጣም፣ ቃሉ ከነሱ በፊትም ነበር፣ መነሻው ዕብራይስጥ ነው። ያው ቱሪስቱ ሊያርማችሁ ቢሞክር እንድታውቁት ብዬ ነው።

ኢን ካሁትስ የወሬ ቃል ነው፣ ‹እጅና ጓንት ናቸው› እንደምንለው፣ በመጥፎ። ኩ ደግሞ መፈንቅለ መንግሥት፣ በፒ ያልቃል ግን ፒ አትነበብም፣ ‹ኩፕ› ያለ ሰው ወዲያው ይታወቅበታል። የ1960ው የታኅሣሥ ግርግር፣ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ የተሞከረው፣ ከሽፏል፣ ስለዚ አቴምፕትድ ኩ ወይም ፌይልድ ኩ ነው፣ ኩ ብቻ ካላችሁ ተሳክቷል ማለት ይመስላል።

ደረጃ 5፦ ‹በድብቅ› ለማለት

እዚህ አንቆይም። ሲክረት ሁሌም ይሠራል። ኮቨርት የመንግሥትና የስለላ ነው። ክላንደስታይን ሕገወጥ ወይም አሳፋሪ ስለሆነ የተደበቀ፣ ለስብሰባም ለፍቅርም ይሆናል፣ ለዛ ነው የምወደው። ሰረፕቲሽስ ሰው እንዳያይ ቶሎ የሚደረግ ነገር ነው፣ ስብሰባ ላይ ስልክ ከጠረጴዛ ሥር እንደማየት። ኢንኮግኒቶ ማንነትን ደብቆ መንቀሳቀስ ሲሆን ባለቤቱ በካፋ ነው፣ ከ1721 እስከ 1730 የገዛው፣ ተራ ሰው መስሎ አገሩን ይዞር ነበር ስለሚባል «ኪንግ በካፋ ትራቭልድ ኢንኮግኒቶ» የምትለዋን ሸምድዷት፣ በካፋ ግንብ ፊት ለፊት ቆማችሁ በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ።

ደረጃ 6፦ የመኝታው ጉዳይ

ሰው የሚያፍረው እዚህ ጋ ነው፣ ስህተትም የሚበዛው እዚሁ።

መጀመሪያ አፌር። በብዙ ቁጥር አፌርስ ጉዳዮች ማለት ነው፣ ፎሪን አፌርስ የውጭ ጉዳይ፣ ከረንት አፌርስ ወቅታዊ ጉዳይ። በነጠላ «ሃቪንግ አን አፌር» ሲባል ግን ውስልትና ነው፣ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ትዳር ወይም ሌላ ሰው አለው። ሲቪ ላይ ‹አይ ሃቭ አፌር ዊዝ ዘ ኮሚዩኒቲ› ብሎ የጻፈ ሰው ምን እንዳለ አስቡት እንግዲህ።

አሁን ወደ እቴጌ ምንትዋብ። በካፋ በ1730 ከሞተ በኋላ እቴጌ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ጭነው ሲገዙ፣ በዕድሜ በጣም ከሚያንሳቸው ከባላቸው የእህት ልጅ ከግራዝማች ኢያሱ ጋር ወዳጅነት ጀመሩ፣ ምልምል ኢያሱ የሚባለው ነው፣ ሴቶች ልጆችም ወለዱ፣ አንዷ ወይዘሮ አስቴር ኋላ የስሑል ሚካኤል ሚስት የሆነችው። እና ይሄ ምን ይባላል? አደልተሪ የሚል አስጎብኚ አለ፣ ልክ አይደለም። አደልተሪ ባለትዳር ከትዳሩ ውጭ ሲሄድ ነው፣ አሥርቱ ትእዛዛት ላይ ‹አታመንዝር› የሚለው እሱ ነው፣ የሃይማኖትና የሕግ ቃል ነው፣ ግሱም ሁሌ ኮሚት ነው። እቴጌ ባላቸው ሞቷል። አፌር ብቻ ማለትም ባል ያላቸው ያስመስላል። ላቭ አፌር ካላችሁ ይሻላል፣ እሱ ትዳር የሌላቸውንም ይይዛል፣ ከሁሉም ጨዋው ደግሞ «ኤ ሪሌሽንሺፕ ዊዝ ኤ መች ያንገር ፕሪንስ» ነው። እሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ቁስቋም ላይ ቆሞ ስለሳቸው «ሺ ስሌፕት ዊዝ ሂም» ማለት ግን ይቅር፣ አጠገባችሁ አንድ እማሆይ እንግሊዝኛ ባይሰሙም የእንግዳውን ሳቅ ያያሉ።

ዕቁባትና ውሽማ ላይም ተጠንቀቁ። ነገሥታቱ በይፋ የያዟት ሴት ኮንኩባይን ነች፣ ሁሉም ያውቃታል፣ ድብቅ አይደለችም። ሚስትረስ ባለትዳር ወንድ በጎን የያዛት ነች። እኛ ውሽማ ስንል ወንዱንም ሴቷንም ነው፣ ሚስትረስ ግን ለሴት ብቻ ነው፣ ለወንዱ ላቨር በሉ። ፓራሞር የሚባል ለሁለቱም የሚሆን አለ ግን የድሮ መጽሐፍ ቃል ነው፣ ዛሬ ካፌ ቁጭ ብሎ የሚለው የለም።

ሊየዞን ሁለት ፊት አለው። ሊየዞን ኦፊሰር አገናኝ ሠራተኛ ነው፣ የተከበረ ሥራ። «ኤ ሲክረት ሊየዞን» ግን የድብቅ ፍቅር። ስፔሊንጉ ውስጥ ከኤ በፊትም ከኤ በኋላም አይ አለ፣ ሁለተኛዋን የማይረሳ ሰው ብዙ አላየሁም።

ትሪስት ግንኙነቱ ሳይሆን ቀጠሮው ነው፣ ፍቅረኞች ተደብቀው የሚገናኙባት አንዷ ምሽት። ሮንዴቩ እንደዛው ቀጠሮ ነው፣ ግን ፍቅር የግድ አይደለም፣ ሰላይም ሮንዴቩ አለው። ፍሊንግ አጭርና ቀለል ያለ ነው፣ ከምርም አይቆጠርም። ኢንፊደሊቲ ‹ታማኝ አለመሆን› ነው፣ ማንንም ሳታስቀይሙ ስለ ውስልትና ለማውራት የሚሆን የጨዋ ቃል።

ቺት ላይ አንድ ነገር። «ሂ ቺትድ ሂዝ ዋይፍ» ካላችሁ አጭበረበራት ነው፣ ገንዘቧን ምናምን። ውስልትና ሲሆን ኦን ያስፈልጋል፣ «ቺትድ ኦን ሂዝ ዋይፍ»። ለማስታወስ የራሳችን ግስ ይበቃል፣ ‹ወሰለተባት› ስንል ያቺ ‹ባት› ኦንን ይዛለች።

ደረጃ 7፦ በአፍ ማስገባት

ደብተር ላይ በአማርኛ ትርጉም አትጻፉ፣ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን አንድ የጎንደር ሰው ስምና አንድ ፕሪፖዚሽን ብቻ ጻፉ። ኮንስፓየር፣ መለኮታዊት፣ አጌንስት። ኢንኮግኒቶ፣ በካፋ። ኢንትሪግ፣ የኢዮአስ ዘመን። ከዛ ኦክስፎርድ ለርነርስ ወይም ሌላ የተማሪ ዲክሽነሪ ስልካችሁ ላይ ክፈቱና ከቃሉ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ማስታወሻ እዩ፣ ፎርማል፣ ሊተራሪ፣ ዲስአፕሩቪንግ የሚል ታገኛላችሁ፣ እሷን ያላየ ሰው ነው ካፌ ውስጥ ማኪኔሽን የሚለው።

ከዛ ከጓደኛ ጋር ግቢውን ዙሩ፣ ወይ ቤት ቁጭ ብላችሁም ይሆናል፣ ከኢያሱ መገደል እስከ ኢዮአስ መገደል በእንግሊዝኛ ተናገሩ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው በስልክ ይቅዳ። ‹ፕሮብለም› ያለ ቡና ይጋብዛል። መጀመሪያ ላይ ብዙ ቡና ነው የሚጠጣው፣ ችግር የለም። ቅጂውን ስትሰሙ ቃሉ ላይ ሳይሆን ከቃሉ በኋላ የመጣችው ትንሿ ቃል ላይ አተኩሩ፣ አጌንስት ነው ዊዝ ነው ኦን ነው፣ ስህተቱ የሚደበቀው እዛ ነው።

ደረጃ 8፦ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን መናገር

ሴራ ማለት ተደብቆ የተሠራ ነገር ስለሆነ ግማሹ ወሬ ነው። በ1721 የሞተው ዳዊት ሦስተኛ ተመርዞ ነው ይባላል፣ ምልምል ኢያሱን በ1742 ገደል ያስጣለው ዳግማዊ ኢያሱ ነው ይባላል። ‹ይባላል› የምትለዋን ወደ እንግሊዝኛ ካላሻገራችኋት እናንተ እየመሰከራችሁ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አሌጅድሊ ክስ ሲኖር ነው፣ አንድ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ ሲጠረጠር፣ ቦታዋም ከዋናው ግስ በፊት ነው፣ «ዘ ኪንግ አሌጅድሊ ኦርደርድ ሂዝ ዴዝ።» «ኢዝ ሴድ ቱ ሃቭ» ደግሞ ለማንኛውም አፈ ታሪክ ይሆናል፣ «ሂ ኢዝ ሴድ ቱ ሃቭ ቢን ፖይዘንድ።» ጥሩ ለተደረገ ነገር አሌጅድሊ አይባልም፣ ‹ፋሲለደስ አሌጅድሊ ቢልት ዘ ካስል› ያለ አስጎብኚ ንጉሡን ግንብ በመሥራት እየከሰሰው ነው።